ከእንግሊዝኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው መስተዋድድ ይምጣ?

ይህ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን መጽሔት የትምህርት ዓምድ ነው። የዚህ ዕትም ተራ የእንግሊዝኛ ሲሆን አዘጋጁ እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ርዕሱን ስታዩ «ይቺ ምን አላት?» እንዳትሉ። በሚኒስትሪ ፈተናም ሆነ 9ኛ ክፍል ስንገባ ብዙ ሰው የምትጥለው ይቺው ትንሽ ቃል ናት።

በራሳችን ቋንቋ ልጀምር። «ዳኛው ፈረደልኝ» እና «ዳኛው ፈረደብኝ» የሚሉትን እዩአቸው። ዳኛው አንድ ነው፤ ፍርዱም ያው ፍርድ ነው። የተለያየችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ አንደኛው ላይ «ል» አለች፣ ሌላኛው ላይ «ብ» አለች። ነገር ግን አንደኛው ሰውዬ እየተደሰተ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሌላኛው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። «ኳስ ወረወረልኝ» ስንል ጓደኛ ነው፤ «ድንጋይ ወረወረብኝ» ስንል ጠበኛ ነው። አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ ልጆችም ይህን ታውቁታላችሁ፤ «ናፍ ሙርቴሴ» ማለት ፈረደልኝ፣ «ነቲ ሙርቴሴ» ማለት ፈረደብኝ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ቃል ነገር እንደምትገለብጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚያሠራው በመስተዋድድ ነው። መስተዋድድ የሚባሉት «አት»፣ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ፍሮም»፣ «ዊዝ»፣ «ባይ»፣ «አባውት»፣ «ኢንቱ» እና የመሳሰሉት ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የታች ክፍል ተማሪዎችም ድምፁን እንዲያነቡት ብዬ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ። እናንተ ወደ ደብተራችሁ ስትገለብጡ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። ስፔሊንጉን መጽሐፋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ችግሩ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ በመምህራችን ፈቃድ የክፍል ጓደኞቼን የእንግሊዝኛ ድርሰቶች አገላብጬ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ አይጨነቁ። ያየሁት ነገር ቢኖር ስሕተቱ ዝም ብሎ የመጣ አለመሆኑን ነው። ልጁ በአማርኛ ያስባል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይተረጉማል። «ከ» ስትሆን «ፍሮም»፣ «ለ» ስትሆን «ፎር»፣ «በ» ስትሆን «ባይ» ይላል። አንዳንዴ ይገጥማል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥምም።

የሦስቱን ቋንቋዎች አቀማመጥ እንይ። በአማርኛ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ስለ» ከቃሉ ፊት ይጣበቃሉ፤ «ከአዳማ»፣ «በባቡር» እንላለን። አንዳንዴም ቃሉን ከፊትና ከኋላ እንይዘዋለን፤ «ከጠረጴዛው ላይ» እንደምንለው። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ከቃሉ በኋላ ይመጣል፤ «አዳማ ኢራ» ማለት ከአዳማ፣ «መነ ኬሳ» ማለት ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ከፊት ያስቀምጠዋል፣ ግን ሳያጣብቅ ለብቻው ያቆመዋል፤ «ፍሮም አዳማ» ይላል። እንግዲህ ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ ካላቸው፣ የአንዱን ሕግ ለሌላው ማዋስ አይቻልም።

የባጃጅን ነገር ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ባጃጅ የራሱ መስመር አለው። ከመስመሩ ወጥቶ ቢጭን ትራፊክ ይይዘዋል። የእንግሊዝኛ ቃልም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ የሚሄድበት መስመር አለው። «ለምን?» ብሎ መከራከር አያዋጣም። መስመሩን ማወቅ ነው የሚያዋጣው።

2. ግራህን እይ፣ ቀኝህንም እይ

ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ተሰጥቶን መስተዋድድ ሙሉ ስንባል መጀመሪያ ይህን እንጠይቅ፦ መስተዋድዱን የሚመርጠው ማነው? በግራ ያለው ቃል ነው ወይስ በቀኝ ያለው?

ሀ. ጊዜና ቦታ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በቀኝ ያለው ቃል ነው። ቀን ከሆነ «ኦን» ነው፤ «ኦን መንደይ»። ወር ወይም ዓመት ከሆነ «ኢን» ነው፤ «ኢን ጁን»። ሰዓት ከሆነ «አት» ነው፤ «አት ኤይት ኦክሎክ»። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለው በእነሱ 8 ሰዓት ነው። መስተዋድዱን አግኝቶ ሰዓቱን ማሳሳትም አለ!

ለ. ከዚህ ውጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በግራ ያለው ቃል ነው። «ጉድ» ካለ «አት»፣ «አፍሬይድ» ካለ «ኦፍ»፣ «ኢንተረስትድ» ካለ «ኢን» ይከተላል። በቀኝ ሒሳብ ይምጣ፣ ኳስ ይምጣ፣ ውሻ ይምጣ ለውጥ የለውም። የዛሬው ትምህርታችን ዋናው ይህኛው ነው።

«አራይቭ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ያሳየናል። ግራውን ስናይ «አራይቭ» መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ «ቱ» አይከተለውም። «አራይቭ ቱ» የሚባል ነገር የለም፣ በአማርኛ «ወደ» ስለምንል ብቻ ነው የሚመጣብን። ከዚያ ቀኙን እናያለን። ከተማ ወይም አገር ከሆነ «አራይቭ ኢን አዳማ»፤ መናኸሪያ፣ ት/ቤት፣ ጣቢያ ከሆነ «አራይቭ አት ዘ ባስ ስቴሽን» እንላለን። «ቤት ደረስኩ» ለማለት ደግሞ ምንም አይገባበትም፤ «አራይቭድ ሆም» ብቻ ነው።

3. ሦስቱ ወጥመዶች

ያየኋቸውን ስሕተቶች በሦስት መደብኳቸው።

የመጀመሪያው ወጥመድ፦ አማርኛው ምንም የለውም፣ እንግሊዝኛው ግን ይፈልጋል።

«መምህሩን አዳመጥኩ» እንላለን። «ን» እንጂ ሌላ ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ሊስን ቱ ዘ ቲቸር» ነው። «ቱ»ን ከዘለልን ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። እነዚህንም ያዙ፦
– ባስ ጠበቅኩ፦ «ዌይት ፎር»
– ሥዕሉን ተመለከትኩ፦ «ሉክ አት»
– ደብተሬን ፈለግኩ፦ «ሉክ ፎር»
– ውሃ ጠየቅኩ (ስጡኝ አልኩ)፦ «አስክ ፎር»
– ውሻ እፈራለሁ፦ «አፍሬይድ ኦፍ»

ሁለተኛው ወጥመድ፦ አማርኛው አለው፣ እንግሊዝኛው ግን አይፈልግም።

ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም ትርፍ ቃል ስንጨምር ያማረ ይመስለናል። «ስለ ፈተናው ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ብለን እንጽፋለን። ስሕተት ነው። «ዲስከስ ዘ ኤግዛም» ነው፤ «ስለ» የሚለው ሐሳብ በቃሉ ውስጥ አለ። ሌሎቹ እነሆ፦
– ወደ ክፍል ገባሁ፦ «ኢንተር ዘ ክላስሩም» («ኢንተር ኢንቱ» አይደለም)
– ለጥያቄው መልስ ሰጠሁ፦ «አንሰር ዘ ኩዌስችን» («አንሰር ቱ» አይደለም)
– ለጓደኛዬ ነገርኩት፦ «ቴል ማይ ፍሬንድ» («ቴል ቱ» አይደለም)። ነገር ግን «ሴይ» ከሆነ «ቱ» ይፈልጋል፤ «ሴይ ሄሎ ቱ ማይ ፍሬንድ» ይባላል።
– አዳማ ደረስን፦ «ሪች አዳማ»። «አራይቭ» ይፈልጋል፣ «ሪች» አይፈልግም። ትርጉማቸው አንድ ነው፣ መስመራቸው ግን የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ፦ ሁለቱም አላቸው፣ ግን የተለያየ ነው።

«በሒሳብ ጎበዝ ነች» የሚለውን እንውሰድ። «በ» ስላለች «ባይ» የሚል አለ፣ «ኢን» የሚልም አለ። ትክክለኛው «ጉድ አት ማዝስ» ነው። «በ» የምትባለው የእኛ ፊደል በእንግሊዝኛ ስንት መልክ እንዳላት እዩ፦
– በልጁ ኮራ፦ «ፕራውድ ኦፍ»
– በሰው ተሞላ፦ «ፉል ኦፍ»
– በፍል ውሃው ይታወቃል፦ «ፌመስ ፎር»
– በወባ ይሠቃያል፦ «ሳፈር ፍሮም»
– በጓደኛው ተናደደ፦ «አንግሪ ዊዝ»
– በዝናብ ላይ ይመሠረታል፦ «ዲፔንድ ኦን»

አንድ «በ»፣ በእንግሊዝኛ «ኦፍ»፣ «ፎር»፣ «ፍሮም»፣ «ዊዝ»፣ «ኦን»፣ «አት»! ታዲያ «በ ማለት ባይ ነው» ብሎ የሸመደደ ልጅ ስንቱን ይስታል?

«ከ»ም እንደዚሁ ናት። «ከአዲስ አበባ ይርቃል» ሲሆን «ፋር ፍሮም»፣ «ከእኔ ይለያል» ሲሆን «ዲፈረንት ፍሮም» ይሆናል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን «ከወንድሟ ጋር ትመሳሰላለች» ሲሆን «ሲሚላር ቱ» ነው። «ከእሱ ጋር ተጋብታለች» ሲሆንም «ማሪድ ቱ» እንጂ «ማሪድ ዊዝ» አይደለም። ይህን ለማስታወስ እኔ የተጠቀምኩበት ዘዴ አለ። እናቶቻችን «ለእገሌ ተዳረች» ይላሉ አይደል? «ለ» የምትለዋን ይዛችሁ «ቱ»ን አስታውሱ።

4. የቃሉ ዓይነት ሲቀየር መስተዋድዱም ይቀየራል

ይህን ክፍል የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በደንብ አንብቡት፤ ጎበዞችንም የሚያደናግር ስለሆነ ነው። ቃሉ ግስ ሲሆን የማይፈልገውን መስተዋድድ፣ ስም ወይም ቅጽል ሲሆን ይፈልገዋል።

«ዲስከስ» ግስ ነው፤ ምንም አይፈልግም። «ዲስከሽን» ስም ነው፤ «ኤ ዲስከሽን አባውት ዘ ኤግዛም» ይባላል።

«አንሰር» ግስ ሲሆን ምንም አይፈልግም። ስም ሲሆን ግን «ዚ አንሰር ቱ ዘ ኩዌስችን» ነው።

«ፊር» ግስ ሆኖ «መፍራት» ሲል «ፊር ዶግስ» ይበቃል። ቅጽሉ «አፍሬይድ» ግን «ኦፍ» ይፈልጋል።

«ሜሪ» ግስ ነው፤ «ሺ ሜሪድ ኤ ቲቸር» ማለት መምህር አገባች ነው። «ሺ ኢዝ ማሪድ ቱ ኤ ቲቸር» ማለት ደግሞ ባለቤቷ መምህር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሆኖ እንደመጣ ተመልከቱ። የአማርኛ ሰዋስው ክፍለ ጊዜ ላይ ስምና ግስ፣ ቅጽልና ተውሳከ ግስ እያልን የተማርነው ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

5. አንድ ቃል፣ ብዙ መስመር

አንዳንድ ቃላት ከአንድ በላይ መስተዋድድ ይይዛሉ። ያኔ ትርጉሙ ይለወጣል። «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» የሚሉት የሚመለሱት እዚህ ጋ ነው።

«ስሮው ዘ ቦል ቱ ሚ» ማለት ኳሱን ወርውርልኝ ነው፤ ልቀበለው ተዘጋጅቻለሁ። «ስሮው አት ሚ» ከሆነ ግን ወረወረብኝ ነው፤ ሊመታኝ ነው የፈለገው። «ቱ» እንደ «ል»፣ «አት» እንደ «ብ» ሆነው ሠሩ። «ሻውት ቱ» ማለት ራቅ ያለ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ መጥራት ሲሆን «ሻውት አት» ማለት ጮኸብኝ ነው፤ ቁጣ አለበት።

«ሉክ» ደግሞ ሦስት መስመር አለው። «ሉክ አት» መመልከት፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። «አይ ሉክ አፍተር ማይ ሲስተር» ማለት እህቴን እጠብቃለሁ፣ አያታለሁ ማለት ነው። «ሉክ ፎር» ብትሉት ጠፍታ እየፈለጋችኋት ነው ማለት ይሆናል። ሰፈር ሁሉ ይደናገጣል!

«ላፍ አት» እና «ላፍ ዊዝ» የሚሉትን ሳልጠቅስ አላልፍም። «ላፍ ዊዝ» ማለት አብሮ መሳቅ ነው። «ላፍ አት» ማለት ሰው ላይ መሳቅ፣ በአጭሩ «ሳቀብኝ» የምንለው ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ ተነስቶ ሲሞክርና ሲሳሳት ክፍሉ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። ያ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። እጁን ያላወጣ ልጅ ደግሞ ስሕተቱ ሳይታረምለት ፈተና ላይ ይቀመጣል። እባካችሁ፣ «አት»ን ትተን «ዊዝ»ን እንያዝ።

6. ከመስተዋድድ ቀጥሎ ምን ይመጣል?

መስተዋድዱን ካገኘን በኋላ የሚመጣው ቃል ስም ከሆነ ችግር የለም። ግስ ከሆነ ግን «ኢንግ» ጨምረን ነው የምናመጣው። «ጉድ አት ስዊም» አይባልም፤ «ጉድ አት ስዊሚንግ» ይባላል። «አፍሬይድ ኦፍ ስፒኪንግ»፣ «ኢንተረስትድ ኢን ሪዲንግ»፣ «ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ» ሁሉም እንደዚያ ናቸው።

«ቱ» ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። «አይ ዋንት ቱ ጎ» ሲል ይቺ «ቱ» መስተዋድድ አይደለችም፤ የግሱ አካል ናት፣ ስለዚህ «ኢንግ» አትፈልግም። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» ሲል ግን መስተዋድድ ናት፤ እናም «ሚቲንግ» ሆነ። ትርጉሙ «የምገናኝህን ቀን በናፍቆት እጠብቃለሁ» ነው። ለደብዳቤ መዝጊያ በጣም ያምራል፤ ያዙት።

7. ሒሳብና ሳይንስ ላይ የሚያመጣው ጣጣ

«እኔ ሒሳብ ነው የምወደው፣ መስተዋድድ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ይህ ክፍል ለእሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ 9ኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያኔ መስተዋድድ የሳተ ሰው የሚያጣው የእንግሊዝኛ ማርክ ብቻ አይሆንም።

አራቱን መደብ እንይ፦

መደመር፦ «አድ 3 ቱ 7»። በእኛ «በ7 ላይ 3 ደምር»፤ እነሱ «ቱ» ይላሉ። መልሱ 10።

መቀነስ፦ «ሰብትራክት 5 ፍሮም 12»። በእኛ «ከ12 ላይ 5 ቀንስ»። «ከ» እና «ፍሮም» ገጠሙ፤ ግን ልብ በሉ፣ በእንግሊዝኛው መጀመሪያ የተጻፈው 5 ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እንዳየ የሚሠራ ልጅ 5 ሲቀነስ 12 ይልና −7 ያገኛል። ትክክለኛው መልስ 7 ነው። አያችሁ? ቁጥሩን ያውቃል፣ መቀነስ ያውቃል፤ «ፍሮም»ን ስላላያት ብቻ ተሳሳተ።

ማባዛት፦ «መልቲፕላይ 6 ባይ 3»። በእኛ «6 በ3 ሲባዛ»። «በ» እና «ባይ» እዚህ ገጠሙ። መልሱ 18።

ማካፈል፦ «ዲቫይድ 20 ባይ 4»። በእኛ «20 ለ4 ሲካፈል» ነው፤ ግን «ለ» «ፎር» አልሆነችም፣ «ባይ» ሆነች። መልሱ 5።

አሁን ደግሞ ገበያ እንሂድ። እንበል የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ 40 ብር ነበር። «ዘ ፕራይስ ኢንክሪስድ ባይ 60 ብር» ካለ በ60 ብር ጨመረ ማለት ነው፤ አሁን 100 ብር ሆኗል። «ዘ ፕራይስ ኢንክሪስድ ቱ 60 ብር» ካለ ወደ 60 ብር ከፍ አለ ማለት ነው፤ የጨመረው 20 ብር ብቻ ነው። በ«ባይ» እና በ«ቱ» መካከል የ40 ብር ልዩነት አለ! አንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚገዛ ገንዘብ በአንዲት መስተዋድድ ጠፋ ማለት ነው።

ሳይንስ ላይም አለ። «ዋተር ኮንሲስትስ ኦፍ ሃይድሮጅን ኤንድ ኦክስጅን» ማለት ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው ማለት ነው። እኛ «ከ» ብንልም እነሱ «ኦፍ» ይላሉ። አዳማ ዙሪያ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሁላችንም እናያቸዋለን። ስለ እነሱ ስንጽፍ «ዘይ ቼንጅ ዊንድ ኢንቱ ኤሌክትሪሲቲ» እንላለን፤ አንዱ ነገር ወደ ሌላ ሲለወጥ «ኢንቱ» ነው።

8. እንዴት እናጥና?

አንደኛ፣ ቃልን ለብቻው አትጻፉ። ደብተራችሁ ላይ «ጉድ ማለት ጎበዝ»፣ «ዌይት ማለት ጠበቀ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት። «ጉድ አት»፣ «ዌይት ፎር» ብላችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፉ፣ እንደ አንድ ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጆሮ ሲለምደው «ጉድ ባይ ማዝስ» ብሎ የጻፈ ሰው ራሱ ይጎረብጠዋል።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ቦታ ይዛችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። የማናውቀውን የለንደንን ድልድይ ከመሸምደድ የራሳችን ይሻላል። እኔ የሠራኋቸው እነዚህ ናቸው፦
– «አዳማ ኢዝ አባውት 100 ኪሎ ሜትርስ ፍሮም አዲስ አበባ።» (አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።)
– «ወንጂ ኢዝ ክሎዝ ቱ አዳማ።» (ወንጂ ለአዳማ ቅርብ ነው።)
– «ሞጆ ኢዝ ፌመስ ፎር ሌዘር።» (ሞጆ በቆዳ ትታወቃለች።)
– «ዚ አዋሽ ፍሎውስ ኢንቱ ሌክ አቤ።» (አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ይገባል።)
– «ፋርመርስ ኢን መቂ ዲፔንድ ኦን ዋተር።» (የመቂ ገበሬዎች ኑሯቸው በውሃ ላይ የተመሠረተ ነው።)

በየቀኑ ሁለት ሁለት ብትሠሩ በወር 60 ይሆናሉ። ስለ ሻሸመኔ፣ ስለ ባቱ፣ ስለ ቢሾፍቱ የራሳችሁን ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ትርጉሙን አይታችሁ ብቻ አትዝጉ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አባቱ ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ሲሆን ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር ነው ሥራውን የጀመረው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፣ በ1948 ደግሞ ኦክስፎርድ አወጣው። ጃፓን ውስጥ ያሉ ተማሪዎችም እንደ እኛ በዚሁ ጉዳይ ይቸገሩ ስለነበር፣ መጽሐፉ ቃሉ ምን አስከትሎ እንደሚመጣ ያሳያል። ከቃሉ አጠገብ «ኤስ ቢ» የሚል ካያችሁ «አንድ ሰው»፣ «ኤስ ቲ ኤች» የሚል ካያችሁ «አንድ ነገር» ማለት ነው። ስለዚህ «ዌይት ፎር ኤስ ቢ» ቢል «ሰው ሲጠበቅ ፎር ይገባል» እያላችሁ ነው።

አራተኛ፣ ሁለት ዓይነት ሰምታችሁ እንደሆነ አትደናገጡ። ፊልም ላይ «ዲፈረንት ዛን» የሚል አሜሪካዊ፣ «ዲፈረንት ቱ» የሚል እንግሊዛዊ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ቅዳሜና እሑድን እንግሊዞች «አት ዘ ዊክኤንድ»፣ አሜሪካኖች «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ይላሉ። ይህ የሚያሳየን መስተዋድድ በሕግ ብቻ ሳይሆን በልማድም እንደሚወሰን ነው። ለፈተና ግን «ዲፈረንት ፍሮም» በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ስላለው እሱን ያዙ።

9. እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

ባዶውን ቦታ በትክክለኛው መስተዋድድ ሙሉ። ምንም የማያስፈልገው ካለ «የለም» በሉ። መልሱን ወረቀት ሳትሸፍኑ አትጀምሩ!

1. ሺ ኢዝ ጉድ ____ ማዝስ።
2. ዊ ዲስከስድ ____ ዚ ኤግዛም።
3. ሶደሬ ኢዝ ፌመስ ____ ኢትስ ሆት ስፕሪንግስ።
4. ዘ ትሬን አራይቭድ ____ አዳማ።
5. ሰብትራክት 8 ____ 20። (ውጤቱንም ጻፉ።)
6. ሂ ኢዝ አፍሬይድ ____ ስፒኪንግ ኢንግሊሽ።
7. ዌን ማይ ማዘር ጎስ ቱ ማርኬት፣ አይ ሉክ ____ ዘ ቤቢ።
8. ዘ ሹገርኬን ኢን ወንጂ ዲፔንድስ ____ ዚ አዋሽ።
9. ዶንት ስሮው ስቶንስ ____ ዘ ዶግ።
10. ዋት ኢዝ ዚ አንሰር ____ ዚስ ኩዌስችን?

መልስ፦ 1. አት 2. የለም 3. ፎር 4. ኢን 5. ፍሮም፤ ውጤቱ 12 6. ኦፍ 7. አፍተር 8. ኦን 9. አት 10. ቱ

2ኛውን ከሳታችሁ ወደ ሁለተኛው ወጥመድ ተመለሱ። 10ኛውን ከሳታችሁ ተራ ቁጥር 4ን እንደገና አንብቡ፤ እዚያ «አንሰር» ስም ነው። ሁሉንም ያገኛችሁ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ አስረዱ፤ ሰው ሲያስረዳ ይበልጥ ይገባዋል።

«ይህኛው ቃልስ ምን ይከተለዋል?» የምትሉት ካለ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ የክበባችን የጥያቄ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ከመምህራችን ጋር አይተን በሚቀጥለው ዕትም እንመልሳለን። እስከዚያው መልካም ጥናት!